ታንከሩ ሞልቶ ቧንቧው ሲደርቅ

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ በሚጥልበት አገር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጊምቢን፣ ነጆን፣ ደምቢ ዶሎን፣ ሻምቡንም ክረምት ይነፍጋቸዋል የሚል የለም። እንዲያም ሆኖ ቢጫ ጀሪካን እዚህም እንደ ሌላው የአገራችን ከተማ ከቤት ዕቃ ተቆጥሯል፤ ውኃ በፈረቃ ይጠበቃል። የፈረቃው ቀን ደርሶም ሁሉም ሰፈር እኩል አያገኝም። ታንከሩ ሞልቷል፣ ጌት ቫልቩ ተከፍቷል፣ የታችኛው ሰፈር እየቀዳ ነው፤ ከጉብታው ማዶ ያለው ሰፈር ግን ቧንቧውን ሲከፍት የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። ቧንቧው ይተነፍሳል፣ ያስነጥሳል፣ ሁለት ጭልፋ የማትሞላ ውኃ ይተፋና ዝም ይላል። ነዋሪው «ውኃ የለም» ብሎ ጀሪካኑን ይዞ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ ምንጩ አንሷል፣ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆሟል፣ መስመሩ ተሰብሯል። ፉጨቱ የተሰማበት ቤት ግን ሌላ ምስክርነት እየሰጠ ነው። ውኃው መንገድ ላይ አለ፤ መንገዱን የዘጋው አየር ነው። ይህን አየር አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ብልሽት አድርገን ማየታችንን ትተን፣ እንደ ፓምፑና እንደ ምንጩ በዕቅድ፣ በበጀትና በሠራተኛ የሚያዝ የዘወትር ሥራ ልናደርገው ይገባል እላለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ አየሩን በየሳምንቱ ወደ ቧንቧው የሚመልሰው የፈረቃው አሠራር ራሱ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ከብርድ አገር ቤቶች ጋር ሲነጻጸር ነው። በአውሮፓ ብዙ ቤት የሚሞቀው ግድግዳ ሥር በተተከሉ፣ ሙቅ ውኃ በሚዞርባቸው የብረት ራዲያተሮች ነው። የራዲያተሩ ታች ትኩስ ሆኖ አናቱ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር ተጠራቅሟል ማለት ነው። ከላይ ጥግ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ግማሽ ዙር ፈታ ሲያደርጓት አየሩ እየፏጨ ይወጣል፤ ውኃ ጠብ ማለት ሲጀምር መልሰው ያጠብቋታል። በዚያ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለምደውታል። ነገር ግን በእነዚያ ቧንቧዎች ውስጥ የሚዞረው ያው አንዱ ውኃ ነው፤ አይቀዳም፣ አይፈስም። ስለዚህ አየሩ የሚጠራቀመው በጥቂት በጥቂቱ ሲሆን፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት በዓመት አንዴ ማስወጣት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። የእኛ ከተማ መስመር ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። ፈረቃው ሲያበቃ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውኃ በታችኛው ሰፈር ተቀድቶ ያልቃል፣ በቀዳዳውም ይፈሳል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ አየር ይወርሰዋል። በሚቀጥለው ፈረቃ ያ ሁሉ አየር መውጣት አለበት። ራዲያተር በዓመት አንዴ የሚያጋጥመው ነገር የእኛን ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ሊያጋጥመው ይችላል፤ አየሩ የሚወጣበት በር ግን አንዳንዴ ጨርሶ የለም።

አየር ይህን ያህል ጉልበት ከየት አመጣ የሚል ይኖራል። ውኃ ከባድ ነው፣ አየር ቀላል ነው፤ ከባዱ ቀላሉን ገፍቶ ማለፍ አልነበረበትም? መሬቱ ሜዳ ቢሆን ያልፍ ነበር። ችግሩ ቧንቧው በጉብታና በሸለቆ ላይ እየወጣ እየወረደ ሲሄድ ነው፤ ነቀምቴና ብዙዎቹ የወለጋ ከተሞች ደግሞ የተሠሩት እንዲህ ባለ ወጣ ገባ መሬት ላይ ነው። ባዶ መስመር ሲሞላ ውኃው የመጀመሪያውን ጉብታ ተሻግሮ በማዶው ቁልቁለት በቧንቧው ወለል ላይ በቀጭኑ እየተንኳለለ ይወርድና ሸለቆው ላይ ይጠራቀማል። እዚያ ሲሞላ ቧንቧውን ከታች ይደፍነዋል። ከጉብታው ጫፍ እስከዚህ ድፍን ድረስ ያለው አየር ተያዘ ማለት ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም መሄጃ የለውም። ከዚህ በኋላ ውኃው ቀጣዩን ዳገት መውጣት ያለበት ቁልቁለቱ ያስገኝለት የነበረውን ግፊት ሳያገኝ ነው። በቁጥር እንየው። ታንከሩ ከሰፈሩ ቧንቧ 30 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። በመጀመሪያው ጉብታ ማዶ የተያዘው አየር ከላይ እስከ ታች 12 ሜትር ቁመት ካለው፣ ከ30ው ሜትር ላይ 12ቱ ጠፋ። በሁለተኛው ጉብታ ማዶ 14 ሜትር ከተያዘ በድምሩ 26 ሆነ፤ ለሰፈሩ የቀረው የ4 ሜትር ግፊት ብቻ ነው፣ ውኃው እንደ ክር ይቀጥናል። ሦስተኛ ጉብታ መጥቶ 6 ሜትር ቢጨምር ድምሩ 32 ይደርሳል፤ ከ30 በለጠ፣ ውኃው ቀጥ አለ። ታንከሩ እንደ ሞላ ነው፣ ቧንቧው የትም አልተሰበረም፣ የወጣ ጠብታ ግን የለም።

ይህ ስሌት አንድ ማስተካከያ ይፈልጋል፤ አየር ሲጫኑት ይጨመቃል። ሮበርት ቦይል በ1662 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው ግፊቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ መጠን በግማሽ ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ላይ የከባቢው አየር የሚጫነው 10 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ውኃ የሚጫነውን ያህል ሲሆን፣ በነቀምቴ ከፍታ ይህ ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ነቀምቴ ላይ የተያዘ አየር 8 ሜትር ውኃ ሲጫነው ግማሹን ያህል ይሆናል፤ ደጋነታችን እዚህ ላይ ትንሽ ያግዘናል። ጥሩ መሐንዲስ ይህን ለጥቅሙ ያውለዋል። ቶማስ ጆርዳን በኔፓል ተራሮች ለሚዘረጉ የመንደር የውኃ መስመሮች ያዘጋጀውና በ1980 (እ.ኤ.አ.) የወጣው መመሪያ፣ አየር በሚያዝበት ቁልቁለት ላይ ከላይ ሰፋ ያለ፣ ከታች ጠበብ ያለ ቧንቧ እንዲደረግ ይመክራል። የተጨመቀው አየር በሰፊው ክፍል ውስጥ ስለሚሰበሰብ የሚይዘው ቁመት ያጥራል፤ የሚበላው ግፊትም በዚያው ልክ ያንሳል። መመሪያው የታሰበው ገንዘብም መለዋወጫም ለሚያጥርበት አገር ስለሆነ ከምንጭ በራሱ ክብደት ውኃ ለሚወርድላቸው የወለጋ ገጠር ቀበሌዎች ልክ የተሰፋ ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው የሕንፃ ባለሙያ ቪትሩቪየስ ሸለቆ ወርዶ ዳገት ስለሚወጣ የውኃ መስመር ሲጽፍ፣ ውኃው መጀመሪያ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ በጥቂት በጥቂቱ እንዲገባ፣ ካልሆነ የታፈነው አየር ድንጋይ እስከ መስበር እንደሚደርስ አስጠንቅቋል። አየሩ የሚተነፍስበት መውጫ እንዲበጅለትም አዝዟል። በእኛም አገር በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ በኩል ውኃ በቧንቧ ሲስብ፣ ውኃው ረባዳውን ወርዶ ግቢው ወዳለበት ጉብታ በራሱ ክብደት መልሶ መውጣት ነበረበት። ውኃ ሽቅብ መሄዱ የዘመኑን ሰው እጅግ አስደንቆታል። ያ ያስደነቀው ሥራ ዛሬ በየከተማችን መሬት ሥር ያለ ተራ ነገር ሆኗል፤ ቧንቧው ሽቅብ እንዲወጣ የሚጠይቀውን ጥንቃቄ ግን ከቧንቧው ጋር እኩል አላስፋፋነውም። ነዳጅ ጨርሶ የቆመ አይሱዙ ነዳጅ ስለተጨመረለት ብቻ እንደማይነሳ፣ መጀመሪያ አየሩ መውጣት እንዳለበት በነቀምቴ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ያውቃል። ያንኑ እውቀት ለከተማው ቧንቧ ማዋሉ ነው የቀረን።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ግፊት መጨመር ነው፤ ተጨማሪ ፓምፕ፣ ከፍ ያለ ታንከር። ግፊት መጨመር አየሩን ይጨምቀዋል እንጂ ከቦታው አያነሳውም። አየር ቁልቁለት ላይ ሲያዝ ተፈጥሮው ወደ ላይ፣ ማለትም ውኃው ወደ መጣበት ወደ ጉብታው ጫፍ መንሳፈፍ ነው። ጠርጎ ለማውረድ የውኃው ፍጥነት ያንን መንሳፈፍ ማሸነፍ አለበት። ቧንቧው ሰፊ፣ ቁልቁለቱም ቀጥ ያለ በሆነ መጠን የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል፤ 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቧንቧ በሰከንድ አንድ ሜትር አካባቢ ሊደርስ ይችላል። በፈረቃ የሚለቀቅ፣ በየቅርንጫፉ የሚከፋፈል ውኃ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ የዘገየ ነው። ስለዚህ ፓምፑን ማበርታት ብቻውን ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆናል፤ የመብራቱ ሒሳብ ይጨምራል፣ ደካማው መገጣጠሚያ ይፈነዳል፣ አየሩ እዚያው ጉብታው ላይ ይቆያል።

አየሩ በመጨረሻ መውጣቱ አይቀርም። የሚወጣው ግን በሰው ቤት በኩል ነው፤ ወደ ቤቱ የሚገባውም በቆጣሪ አልፎ ነው። በየቤቱ የምናየው ቆጣሪ ውስጥ በአብዛኛው የምትገኘው ፈሳሹ ሲመታት የምትሽከረከር ትንሽ መዘውር ናት። መዘውሯ የሚመታት ውኃ ይሁን አየር ለይታ አታውቅም፤ ቀጭኗ ቀይ መርፌ ውኃ ጠብ ሳይል ስትበርር ያየ ሰው የሚያማርረው ያለምክንያት አይደለም። የጉዳቱ መጠን ምን ያህል ነው? ለማሳያ እናስላው። 100 ሚሊ ሜትር ስፋትና አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ 7,850 ሊትር ያህል ይይዛል። ይህ ሁሉ ባዶ ሆኖ ከቆየ በኋላ ሲሞላ 7,850 ሊትር አየር መውጣት አለበት። በመስመሩ ላይ 100 ቤቶች ቢኖሩና አየሩን እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ ቤት 78 ሊትር ይደርሰዋል፤ አራት ጀሪካን ገደማ መሆኑ ነው። ቆጣሪው አየሩን እንደ ውኃ ቢቆጥረው በወር ስምንት ጊዜ ሲደጋገም 31 ጀሪካን ይሆናል። ቀላል አይደለም፣ ግን ቤት የሚያፈርስም አይደለም። ችግሩ አየር እኩል አለመከፋፈሉ ነው። አየር የሚሄደው ወደ ከፍታው ስለሆነ ከአየሩ ግማሹ አሥር የጉብታ ቤቶች ላይ ቢወጣ፣ ለእያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ወደ 390 ሊትር፣ በወር ከ3 ሜትር ኩብ በላይ ይደርሳቸዋል። ውኃ የሚዘገይባቸው ቤቶች ለአየርም የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው ማለት ነው። ይህ ስሌት ከፍተኛውን ጉዳት የሚያሳይ ነው። ቧንቧው ሁልጊዜ ፈጽሞ ባዶ አይሆንም፤ ቆጣሪውም አየርን ሊትር በሊትር ላይቆጥር ይችላል። የፍትሕ ጥያቄው ግን በዚህ አይወድቅም።

የውኃ አገልግሎት ሠራተኞች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ውኃው እስኪመጣ ቧንቧችሁን ዘግታችሁ ጠብቁ ይላሉ። ለአንድ ቤት እውነት ነው። ጀሪካኑን ከሥሩ አስቀምጦ ቧንቧውን ከፍቶ የሚተወው ሰው የሰፈሩን አየር በራሱ ቆጣሪ እያሳለፈ ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው ምክሩን ቢሰማ ምን ይሆናል? አየሩ መውጫ ያጣና ውኃው ከጉብታው ወዲያ ማዶ ይቆማል። አንዱ ሲዘጋ ጎረቤቱ ይቀበላል፤ ሁሉም ሲዘጋ ማንም አያገኝም። ስለዚህ ነዋሪውን በመምከር ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም። አየሩ ከቆጣሪዎቹ በፊት፣ በዋናው መስመር ላይ፣ ለማንም ሒሳብ ሳይሆን የሚወጣበት በር ያስፈልገዋል።

ከሒሳቡ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ወገን ነው፤ ውኃው ሲወጣ አየር የሚገባበት መንገድ። ፈረቃው አብቅቶ የታችኛው ሰፈር ሲቀዳ የላይኛው ቧንቧ ይጎድላል። በጎደለው ልክ አየር ካልገባለት ቧንቧው መሳብ ይጀምራል፤ ያገኘውንም ይስባል። ከቦዩ ሥር የሚያልፍ የተሰነጠቀ ቧንቧ የቦዩን ውኃ ይስባል፤ በደንብ ካልታሰረ መገጣጠሚያ አጠገብ የሽንት ቤት ጉድጓድ ካለ ከዚያም ይስባል። በሚቀጥለው ፈረቃ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የደፈረሰ ውኃ አንዱ ምንጩ ይህ ነው፤ በወለጋ ክረምት፣ አፈሩ ውኃ በጠገበበት ወራት፣ አደጋው ይብሳል። ታንከሩ ላይ የተጨመረው ክሎሪን ከመንገድ ለሚገባው ቆሻሻ ላይበቃ ይችላል። ጉብታው ላይ የተተከለ የአየር ቫልቭ ይህን የሚከላከለው በቀላል መንገድ ነው። መስመሩ ሲጎድል ይከፈትና ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ቧንቧው የሚስበው ነገር ከቦዩ ሳይሆን ከሰማይ ይሆናል። የአየር ነገር የጤና ጉዳይም ነው የምለው ለዚህ ነው።

የአሞላሉ ፍጥነት ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የፈረቃ ሠራተኛው ብዙ ሰፈር ይጠብቀዋል፤ ጌት ቫልቩን በአንዴ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ወደ ሌላው ቢሮጥ አይፈረድበትም። ነገር ግን በባዶ ቧንቧ የሚሮጥ ውኃ ፊት ለፊቱ ያለውን አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያስወጣ ምንም የሚገታው የለም፤ አየሩ ያለቀ ቅጽበት ግን ድንገት ቀጥ ይላል። በሞስኮ የውኃ መስመር ላይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥናት ያካሄደው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ ዡኮቭስኪ የዚህን ምት መጠን የሚያሰላ ቀመር ትቶልናል። በብረት ቧንቧ በሰከንድ አንድ ሜትር የሚሄድ ውኃ በቅጽበት ሲቆም ግፊቱ ባለበት ላይ 100 ሜትር ያህል ይጨምራል። ለ60 ወይም ለ100 ሜትር ግፊት የተሠራ መገጣጠሚያ ይህን በየሳምንቱ እየተቀበለ ዕድሜ አይኖረውም። የፕላስቲክ ቧንቧ ምቱን ያለዝበዋል፤ ግን አያጠፋውም። ቫልቩን ሩብ ያህል ከፍቶ አየሩ እስኪወጣ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መጨመር ምንም ዕቃ አያስገዛም። የሚጠይቀው የሠራተኛ ሰዓት ነው፤ ያም በፈረቃው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሊከፈልበት ይገባል። ከፈረቃው ማግስት መስመር ሲቆፈርና ሲጠገን የሚወጣው ሰዓት ከዚህ አያንስም።

የአየር ቫልቭ የሚያስፈራ ማሽን አይደለም። ከፍተው ቢያዩት ጭልፋ በሚያህል ክፍል ውስጥ የተቀመጠች ተንሳፋፊ ኳስ ናት ያለችው፤ ከላይዋ ቀዳዳ አለ። ክፍሉ በአየር ሲሞላ ኳሷ ወርዳ ትቀመጣለች፣ ቀዳዳው ክፍት ይሆናል፣ አየሩ ይወጣል። ውኃው ሲደርስ ኳሷ ትንሳፈፍና ቀዳዳውን ትደፍናለች። መብራት አትፈልግ፣ ሰው አትፈልግ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዓይነት ባዶ መስመር ሲሞላና ሲጎድል ብዙ አየር ያስወጣል፣ ያስገባልም፤ ግን መስመሩ ግፊት ከያዘ በኋላ አይከፈትም። ጠባብ ቀዳዳ ያለው ደግሞ በግፊት ውስጥ እያለ ከውኃው እየተለየ የሚመጣውን ትንንሽ አረፋ ይለቃል። ሁለቱን በአንድ አካል የያዘም አለ፤ በፈረቃ ለሚሠራ መስመር የሚሻለው ይኸኛው ነው። ገንዘቡ ካልተገኘ የገጠር የውኃ ሥራ ባለሙያዎች የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ ቦኖውን ጉብታው ላይ መትከል። ሕዝብ የሚቀዳበት ቧንቧ በመስመሩ ከፍተኛ ቦታ ላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚቀዳው ሰው አየሩን ሳያውቀው ያስወጣዋል። አዲስ ቦኖ የት ይተከል ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታየው የሰው ብዛትና የመንገድ ቅርበት ነው፤ የመሬቱ ከፍታም ከእነርሱ እኩል ቢታይ አንድ ቦኖ ሁለት ሥራ ይሠራል።

ተቃውሞዎቹን አልሸሽም። የመጀመሪያውና ትልቁ፣ ችግራችን የውኃ ማነስና የመብራት መቆራረጥ ሆኖ ሳለ ስለ አየር ማውራት ፍሬውን ትቶ ገለባውን መያዝ ነው የሚለው ነው። ፈረቃን የወለደው እጥረት መሆኑ አያከራክርም፤ ቫልቭ ውኃ አይፈጥርም። ግን እጥረቱ እስኪፈታ ዓመታት ይፈጃሉ፤ እስከዚያ ያለችውን ጥቂት ውኃ መንገድ ላይ የሚያስቀርብን አየሩ ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት የሚደርሰው ሰፈር የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት በፉጨት ካሳለፈ ሲሶውን ተነጥቋል። ያነሰ ውኃ ያለው ሰው ነው የበለጠ የሚጠነቀቀው። ሁለተኛው ተቃውሞ ቫልቮቹ ይበላሻሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ብረታቸው ይሰረቃል፣ ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግርም መለዋወጫ ማድረስ ከባድ ነበር የሚል ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ኳሷ ሥር አሸዋ ከገባ ቫልቩ ይንጠባጠባል፤ ሠራተኛው መንጠባጠቡን ለማቆም ከሥሩ ያለውን መዝጊያ ጠርቅሞት ሲሄድ ደግሞ ቫልቩ ኖሮም እንደሌለ ይሆናል። ለዚህ መልሱ ቫልቩን መተው ሳይሆን በሩብ ዓመት አንዴ ፈትቶ ማጠብ፣ ቁልፍ ባለው የኮንክሪት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ጥቂት ኳስና ጎማ መጋዘን ውስጥ መያዝ ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ሣጥኑ በክረምት ጎርፍ ቢሞላ መስመሩ ሲጎድል ቫልቩ የሚያስገባው አየር ሳይሆን የጎርፉን ውኃ ይሆናል፤ ያዳንነውን ጤና በዚያው በኩል አጣነው ማለት ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ወለሉ ውኃ የሚያስወጣ፣ የቫልቩ አፍ ወደ ታች የታጠፈና ወንፊት የለበሰ መሆን አለበት። ይህ ካልተሟላ ባይተከል ይሻላል።

ከተማው እስኪያደርገው ባለ ሮቶው ቤት በግቢው የሚሠራው አለ። በጣሪያ ወይም በብረት ማማ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ የሚወርደው ቧንቧ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ቁልቁል መሄድ አለበት። ግድግዳ ለመሻገር ወይም በር ለማለፍ አንድ ቦታ ወጣ ብሎ ከተመለሰ እዚያ ጉብታ ተሠራለት፤ ሮቶው ባለቀ ቁጥር አየር የሚይዘው በዚያች ቦታ ነው። መንገዱን መቀየር ካልተቻለ ጉብታው ላይ ግማሽ ኢንች ቧንቧ አቁሞ አፉን ከሮቶው የውኃ ልክ በላይ ማድረስ፣ ጫፉን ወደ ታች አጥፎ ወንፊት ማሰር ይበቃል። ባዶ የነበረ ሮቶ ሲሞላ መጀመሪያ የታችኛውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ውኃው ሳይቆራረጥ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ ወደ ላይኞቹ መሄድ ነው። ቦይለር ያለው ቤት ማብሪያውን ከመንካቱ በፊት የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍቶ ውኃው እኩል መውረዱን ማየት አለበት፤ ቦይለሩ በአየር ተሞልቶ ከተለኮሰ ማሞቂያው ይቃጠላል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም የሮቶው ቧንቧ ዝም ካለና በግቢው ውስጥ ከመንገድ መስመር በቀጥታ የሚመጣ ሌላ ቧንቧ ካለ፣ በፈረቃው ሰዓት ሁለቱን በጎማ አገናኝቶ ሁለቱንም መክፈት ይቻላል፤ የመስመሩ ግፊት አየሩን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ ሮቶው ውስጥ ያስወጣዋል፣ ሲወጣም ከላይ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ከዚያ ሁለቱንም ዘግቶ ጎማውን ወዲያው መንቀል ነው። ተገናኝቶ ከተተወ ፈረቃው ሲያበቃ የሮቶው ውኃ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ይፈሳል፤ ጎረቤት የሚጠጣውም ያንኑ ይሆናል።